ሳይጠራ የመጣ እንግዳ፤ በዊዳ ከተማ ስላለው የእባብ አያያዝ ልማድ

በምዕራብ አፍሪካ፥ ዛሬ ቤኒን በተባለው አገር፥ ዊዳ የምትባል የቆየች የንግድ ከተማ አለች። በዚች ከተማ አንድ ሰው ማለዳ ሲነሣ ከቤቱ ማእዘን ተጠቅልሎ የተኛ እባብ ቢያገኝ፥ እባቡም ዳንግቤ የሚባለው ዓይነት ቢሆን፥ በአክብሮት አንሥቶ ወደ ቤተ አምልኮው ይመልሰዋል እንጂ በትር አያነሣበትም። ልማዱ ከሃይማኖት የመነጨ ነው። ነገር ግን በቅርብ ለመረመረው ሰው፥ ያላሰበውን እንስሳ በቤቱ ያገኘ ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚያስተምር የኑሮ ዕውቀት በውስጡ አለበት። የዚህም ዕውቀት ዋጋ ጎልቶ የሚታየው ልማዱን የማያውቁ ሰዎች ከእባቡ ጋር በተገናኙበት ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳንግቤ መርዝ የሌለው፥ ርዝመቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ተኩል የማያልፍ የዘንዶ ወገን ነው። በፈራ ጊዜ ራሱን ከመካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል እንጂ ለመንከስ አይቸኩልም። ቀን በጕድጓድ ተሸሽጎ ይውልና ሌሊት አይጥና ሌሎች ትንንሽ እንስሳትን ያድናል። ስለዚህ እህል ካለበት ቤት ቢገባ ለባለቤቱ ጥቅም እንጂ ጕዳት አያመጣም።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አገሩ የሁዌዳ መንግሥት ግዛት ነበረ፤ መናገሻውም ሳቪ ትባል ነበር። የአውሮፓ ነጋዴዎች ወደዚያ የሚጎርፉት ሰው ገዝተው ባሪያ አድርገው ወደ አሜሪካ ለመላክ ነበረ። ከእነርሱም አንዱ የሆላንድ ኩባንያ ሹም ዊሌም ቦስማን በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እባቡ ሁለት ታሪኮች ጽፏል።

በፊተኛው ታሪክ እንደሚለው፥ እንግሊዞች በአገሩ መነገድ በጀመሩበት ዘመን ከመርከብ የወረዱ ሰዎች ባረፉበት ቤት እባብ አግኝተው ገደሉት፤ በጎ ሥራ የሠሩ መስሏቸውም ሬሳውን ከደጅ ጣሉት። በማግሥቱ ሕዝቡ ይህን አይቶ በቍጣ ተነሣባቸው፤ ሰዎቹን ገደለ፥ ቤታቸውንና ዕቃቸውንም አቃጠለ። ቦስማን ይህን የጻፈው ሰምቶ እንጂ አይቶ አይደለም።

ሁለተኛው ግን በራሱ ላይ የደረሰ ነው። አንድ እባብ ቦስማን ከሚመገብበት ገበታ በላይ ካለው የጣራ እንጨት ላይ ወጥቶ 14 ቀን ተኛ፤ እርሱም ለማስነሣት አልደፈረም። አንድ ቀን የአገሩን ታላላቅ ሰዎች ጋብዞ ሳለ፥ ይህ እባብ ይህን ያህል ቀን ምንም ስላልበላ በረኃብ መሞቱ ነው አላቸው። ከእነርሱም አንዱ፥ አንተ አታየውም እንጂ ከወጭቱ ድርሻውን ይወስዳል ብሎ መለሰለት። በማግሥቱ ቦስማን ወደ ንጉሡ ሄዶ፥ ከአማልክትህ አንዱ ሳይጠራ 14 ቀን ከገበታዬ በልቷልና ቀለቡ ይከፈለኝ፥ አለዚያ አስወጣዋለሁ ሲል ቀለደ። ንጉሡም እጅግ ሳቀ፤ እባቡ እንዲቀመጥ ለምኖ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሰባ በሬ ላከለት።

ዛሬ ከሚታወቀው ነገር ጋር ሲመዛዘን በዚያ ገበታ የተነገረው ሁለቱም ስሕተት ነበረ። እባቡ ከወጥ ድርሻ አይወስድም፤ 14 ቀን መጾምም አይገድለውም። ጤነኛ ዳንግቤ ለብዙ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ለወራት ሳይበላ ይቆያል። ይሁን እንጂ የአገሩ ሰው ስሕተት እንስሳውን በሰላም ያስተኛ ስሕተት ስለ ነበረ ማንንም አልጐዳም።

በ1727 የዳሆሜ ንጉሥ አጋጃ ሁዌዳን ድል አደረገ። ዊሊያም ስኔልግሬቭ የተባለው እንግሊዛዊ የመርከብ አለቃ በ1734 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ ወታደሮቹ በየቤቱ ያገኟቸውን እባቦች አማልክት ከሆናችሁ ራሳችሁን አድኑ እያሉ አርደው ጠብሰው በሏቸው። አምልኮው ግን አልጠፋም። ዛሬም የእባቦቹ ቤት በዊዳ ከካቶሊክ ባዚሊካ ፊት ለፊት ቆሞ ይገኛል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ይኸው እባብ ሌላ ዕጣ ደረሰው። ከቤኒን፥ ከቶጎና ከጋና በብዛት እየተያዘ በአውሮፓና በአሜሪካ ለቤት እንስሳነት ተሸጠ። ከሣጥኑ ያመለጠውም በማያውቁት ሰዎች ቤት ድንገት ይገኛል፤ ያገኘውም ሰው ሳያስበው ጠባቂ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጀማሪ የሚሳሳተው እንደ ቦስማን ስለ ረኃብ በመጨነቅ ነው። አስቀድሞ ዐዋቂ ጠርቶ የእባቡን ዓይነት ማስለየት፥ ባለቤት እንዳለውም መጠየቅ ይገባዋል። ቀጥሎም ክዳኑ የጠበቀ ሣጥን፥ በአንዱ ወገን 32 በሌላው 26 ዲግሪ ያህል ሙቀት፥ ጨለማ መሸሸጊያና ንጹሕ ውሃ ያዘጋጅለት። አንድ ሳምንት ያህል ሳይነካው ካቆየው በኋላ የሞተ አይጥ ያቅርብለት፤ በሕይወት ያለ አይጥ እባቡን ነክሶ ሊያቆስለው ይችላልና። ይህ እንስሳ በሰው ዘንድ 30 ዓመት ሊኖር ስለሚችል፥ ይህን ያህል ጊዜ ለመጠበቅ ያልቈረጠ ሰው ለሚችል ቢያስረክበው ይሻላል።

በኢትዮጵያ ትውፊት አርዌ የተባለው ዘንዶ ነግሦ ኖሮ በመገደሉ የሰው መንግሥት ይጀምራል፤ በዊዳ ግን እባቡን አለመንካት የሕግ መጀመሪያ ሆነ። ሁለቱ ትውፊቶች የሚጋጩ ቢመስሉም የዊዳ ሰው እባብን ሁሉ አያቅፍም። ዳንግቤን ከመርዛማው ለይቶ ያውቃል። ዳንግቤ በማይኖርበት፥ እፉኝትና ሌሎች መርዘኞች በሚገኙበት በኢትዮጵያ አንድ ሰው እባብን በእጁ ቢያነሣ፥ የዊዳን ልማድ ተከተለ ሊባል አይችልም። ከልማዱ የሚወሰደው ትምህርት እጅን ከመዘርጋት በፊት እንግዳው ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።