የዊንጌት አቤቱታዎች

የዊንጌት አቤቱታዎች የሚባሉት እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ኦርድ ዊንጌት በአለቆቹ ላይ ያቀረባቸው ሁለት ቅሬታዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ1931 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1939) በፍልስጤም አገልግሎቱ ምክንያት የጻፈው ነው። ሁለተኛው ከቡሬ እስከ አጊባር የዘመተው የጌዴዎን ጦር ከፈረሰ በኋላ በሰኔ 1933 ዓ.ም. በካይሮ ያቀረበው ዘገባ ነው። ሁለቱም በወጉና በደንቡ ቀርበው ተገቢውን ምላሽ ሳያገኙ ቀርተዋል። ለኢትዮጵያ ታሪክ ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅማል፤ በጎጃም የተካሄደው ዘመቻ ለምን እንደተሳካና ምን እንደጎደለው መሪው ራሱ የጻፈው ሰነድ ስለሆነ።

የፍልስጤሙ አቤቱታ

ፍልስጤም በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሞግዚትነት የምትተዳደር አገር ነበረች። ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1936 በመረጃ መኮንንነት ወደዚያ ተላከ። በ1938 ደግሞ የእንግሊዝ ወታደሮችንና በቅኝ ገዢው ፖሊስ ሥር የተመዘገቡ አይሁዳውያን ረዳት ፖሊሶችን አቀላቅሎ «ልዩ የሌሊት ጓድ» የተባለ ኃይል አቋቋመ። የጓዱ ሥራ የነዳጅ ቧንቧ መጠበቅና በአረቦች አመፅ ላይ የሌሊት ጥቃት መሰንዘር ነበር። የጓዱ አሠራር በጭካኔው ተወቅሷል፤ ዊንጌት ራሱም ለአይሁዳውያኑ ወገን ማድላቱን አይሸሽግም ነበር። ለጀግንነቱ ኒሻን ቢሸለምም የቅርብ አለቃው በዓመታዊው ምስጢራዊ የአገልግሎት ዘገባ ላይ ክፉ አስተያየት ጻፈበት።

በእንግሊዝ ጦር ሕግ በደል ደረሰብኝ የሚል መኮንን አቤቱታውን እስከ ንጉሡ ድረስ የማድረስ መብት ነበረው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በየደረጃው ፍርድ ያጣ ሰው «ጃንሆይ!» ብሎ የሚጮህበት የዙፋን ችሎት ዓይነት ነው። ዊንጌት በዚህ መብት ተጠቅሞ ረጅም አቤቱታ ጻፈ። ወረቀቱ ግን በጦር ሠራዊቱ ቢሮዎች መካከል ሲንከባለል ቆይቶ ንጉሡ ዘንድ ሳይቀርብ ቀረ። ክፉው አስተያየትም በፋይሉ ውስጥ አብሮት ኖረ።

የቡሬ ዘመቻ

ዊንጌት ወደ ጎጃም ከመግባቱ በፊት በብርጋዴር ዳንኤል ሳንፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 ከነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርበኞች ጋር ይሠራ ነበር። ዊንጌት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተከትሎ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገረ። የጌዴዎን ጦር ብሎ የሰየመው ኃይል በአብዛኛው የሱዳን ድንበር ሻለቃና ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ሲሆን ጠቅላላ ቁጥሩ ከ2,000 አይበልጥም ነበር። ስንቅና ጥይት የተጫነው በግመል ነው። ከ15,000 ያህል ግመሎች አብዛኞቹ ቆላው ላይና ዳገቱ ላይ አልቀዋል፤ ደጋውን የማያውቅ ግመል ጎጃምን እንዲወጣ መገደዱ የዘመቻው ትልቁ ስህተት ነበር ማለት ይቻላል።

ቡሬ ላይ በኮሎኔል ናታሌ የሚመራ በሺዎች የሚቆጠር የኢጣሊያ ጦር መሽጎ ነበር። ዊንጌት ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በትናንሽ ጓዶች ሌሊት ሌሊት ምሽጎቹን ያስደበድብ ጀመር። የኢጣሊያን ቅጥር ወታደሮች በድምፅ ማጉያ እየጠሩ እንዲከዱ ማባበልም አንዱ ዘዴ ነበር። በማንኩሳ ምሽግ ላይም የሞርታር ተኩስ ተከፈተ። ናታሌ የከበበው ጦር ከእውነተኛው ቁጥር እጅግ የበዛ መስሎት የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በቻራቃ ወንዝ ላይ ሳያስበው ከዚህ አፈግፋጊ ጦር ጋር ተገጣጠመ። ሻለቃው ከባድ ጉዳት ደርሶበታል፤ ያደረሰው ጉዳትም ቀላል አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ያፈገፈገው የኢጣሊያ ጦር ግንቦት 15 ቀን አጊባር ላይ እጁን ሰጠ።

የካይሮው ዘገባ

ከድሉ በኋላ ጦሩ ተበተነ። ዊንጌት ካይሮ ሲደርስ ከሌተና ኮሎኔልነት ወደ ሻለቃነት ዝቅ ተደረገ። አብረውት ለዘመቱት መኮንኖችና የበታች ሹሞች ለልዩ ግዳጅ የሚገባ አበል እንዲከፈላቸው ጠየቀ፤ ተከለከለ። ሕይወታቸውን አስይዘው ከጠላት ጀርባ ለወራት የቆዩ ሰዎች አበል መከልከላቸው ከማዕረጉ መውረድ በላይ አንገበገበው።

ሰኔ 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የተጻፈው የዘመቻ ዘገባው ከዚህ ቁጣ ጋር ተቀላቅሎ የወጣ ነው። ስለ ሬዲዮዎቹ ብልሽት፣ ስለ መጓጓዣው ጉድለትና ብቃት የላቸውም ስላላቸው መኮንኖች በስድብ ቀረሽ ቃል ጻፈ። ጠቅላይ መምሪያው ይዘቱን ከመመርመር ይልቅ በአነጋገሩ ተቆጣ፤ ዘገባውም በሰፊው እንዳይሰራጭ ተደረገ። ዊንጌት በዚሁ ሰሞን በወባ ታሞ፣ በኃይለኛ መድኃኒትና በተስፋ መቁረጥ ተዳክሞ ሳለ ሰኔ 27 ቀን ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። በአጠገቡ ክፍል ያረፈ መኮንን ደርሶለት ተረፈ።

የዘገባው ቅጂ ለንደን ገብቶ የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሊኦ ኤመሪ እጅ ደረሰ። በ1934 ዓ.ም. ጄኔራል ዌቭል ዊንጌትን ወደ በርማ ጠራው፤ በጎጃም የሞከረውንም ዘዴ በሰፊው ሠራበት። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በሕንድ ሰሜን ምሥራቅ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ሜጀር ጄኔራል ነበር። አዲስ አበባ የሚገኘው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በስሙ ተሰይሟል።

ዘገባው እና አርበኞቹ

ዘገባው ኢትዮጵያ ነፃነቷን ማግኘት አለባት ብሎ ቢከራከርም ለአርበኞች የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። ዊንጌት ጠመንጃ በገፍ ለአርበኞች ማደል ፋይዳ የለውም፣ ጥቂት የሠለጠነ ጦር ፊት ቀድሞ ሲዋጋ ካዩ ግን ይከተላሉ የሚል እምነት ነበረው። ነገር ግን እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ አለቆች እሱ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ኢጣሊያን በየምሽጉ አስረው ይዘውት ነበር። ናታሌ ቡሬን ለመልቀቅ የቸኮለው በዊንጌት ሞርታር ብቻ አልነበረም፤ በዙሪያው ያለው ገጠር ከረጅም ጊዜ በፊት ከእጁ ወጥቶ ነበር።