የኮሌራ ታሪካችንና ያልተጠበቀው ናሙና

የአገራችንን የወረርሽኝ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የስም ችግር ነው። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1866 የዐፄ ቴዎድሮስን ጦር ከጣና ዳር፣ ከቆራጣ ያስለቀቀውን በሽታ የውጭ ጸሐፊዎች ኮሌራ ይሉታል፤ አባቶቻችን «ፈንግል» የሚሉት ነበራቸው። ሁለቱ ስሞች ሁልጊዜ አንድ በሽታ ናቸውን? በሮም ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ የቄሣሮቹ ዘቦች በሰፈሩበት ስፍራ በ1975 በተከፈተው ብሔራዊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት የመንገደኞችን መጻሕፍት ስናገላብጥ የምናገኘው ትውከት፣ ተቅማጥና ፈጣን ሞት ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ተዋሲውን ለይቶ መናገር አይቻልም። ምስክሩ ዓይነ ምድሩ ነበረ፤ እርሱም አልተጠበቀም።

መጠበቅ ግን ይቻል ነበር። ፊሊፖ ፓቺኒ በፍሎረንስ ተዋሲውን በማይክሮስኮፕ ካየበት ከ1854 አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በፊላዴልፊያ በኮሌራ የሞተ ሰው አንጀት በአልኮል ተነክሮ በሙዚየም ተቀመጠ። በ2014 ተመራማሪዎች ከዚያው ቁራጭ የተዋሲውን ዲኤንኤ አነበቡ። ወጪው አንድ ብልቃጥና ጥቂት አልኮል ነበር!

አልኮል ግን ተዋሲውን ይገድላል፤ ሐኪሙ የሚሻው ሕያውን ነው። ናሙናው በቆላ ሙቀት ሲውል ሌሎች ባክቴሪያዎች ተራብተው የኮሌራውን ይውጡታል፤ ከደረቀም ይሞታል። በረዶ ደግሞ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ አይገኝም። ቬንካትራማንና ራማክሪሽናን የተባሉት ሕንዳውያን በ1941 በባሕር ጨው ውሑድ መላ ዘየዱ። በ1964 ኬሪና ብሌር ምግብ የሌለው ያህል የሆነ ለስላሳ የአጋር ውሑድ አቀረቡ፤ ተዋሲውን አያራባም፣ አይገድልምም። ኋላ ደግሞ ከሁሉ የረከሰው መጣ፤ የማጣሪያ ወረቀት። ጥቂት ጠብታ ያረፈበት ወረቀት ያለ በረዶ ተጉዞ ዲኤንኤው ይመረመራል፤ ከደረቀ ወረቀት ግን ተዋሲውን አራብቶ የሚያሽረውን መድኃኒት መፈተን አይቻልም።

በ2006 ከጋምቤላ የተነሣውን ወረርሽኝ መንግሥት «አጣዳፊ ተቅማጥ» አለው፤ በ2016 «አተት» ተባለ። ኮሌራ የሚለው ስም በይፋ የተነገረው በ2019 ወረርሽኝ ነው። ናሙና እያለም ስም ሊታፈን እንደሚችል አንስትም። ሆኖም ስሙን የሚሰጥ ባለሥልጣን ያልፋል፤ ወረቀቱ ከተቀመጠ ክርክሩን እንደገና መክፈት ይቻላል። ስለዚህ የምንጠይቀው ቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። ከየወረርሽኙ ጥቂት ወረቀት በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ቀኑና ወረዳው በእርሳስ ይጻፍበት፤ ቀለም በርጥበት ይለቃልና።