አደይ አበባ

አደይ አበባ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ክረምቱ ሲወጣ በቢጫ ቀለም የሚያብብ ተክል ነው። ስሙ የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ በባይደንስ ወገን ውስጥ ያሉ ተቀራራቢ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ባይደንስ ማክሮፕቴራ፣ ባይደንስ ፓኪሎማና ባይደንስ ፕሬስቲናሪያ፣ በዚሁ ስም ይጠራሉ። ወገኑ ከሱፍና ከኑግ ጋር በአንድ አስተኔ ይመደባል። የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ባይደንሶች ያጠናው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ሲሆን ጥናቱ በ1984 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

የሚገኝበት ቦታ

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያና በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በማሳ ድንበር፣ በመንገድ ዳርና ባደረ መሬት ላይ ይበቅላል። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገው ግን ሁልጊዜ አደይ ብቻ አይደለም። መጭ የተባለው የኑግ ዘመድ በዚሁ ወቅት ስለሚያብብ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ቀረብ ሲሉ ቅጠሉ ይለያቸዋል፤ የመጭ ቅጠል ያልተከፋፈለ ሲሆን የአደይ ቅጠል ብዙውን ጊዜ የተሰነጣጠቀ ነው።

አስተዳደግ

በአውሮፓ ጓሮዎች የጸደይን መግባት ከሚያበስሩት አበቦች አንዱ ክሮከስ ነው። እርሱ የሚበቅለው ከአፈር በታች ከሚቀመጥ ሽንኩርት መሰል ሥር ሲሆን፣ በጸደይ የሚያብቡት ዝርያዎች ቀዝቃዛ ክረምት ይፈልጋሉ። አደይ የሚጠብቀው ዝናብን ነው፤ የሚራባውም በዘር ነው። ስለዚህ በደጋ ጓሮ ማብቀል ያን ያህል አያስቸግርም።

ዘሩ የሚለቀመው አበባው ረግፎ ራሱ ሲደርቅና ሲጠቁር ነው። በደረቅ ቦታ ይቀመጥና ዝናብ ሲጀምር፣ በሰኔ ገደማ፣ ፀሐይ በሚያገኝና ውኃ በማይቋጥር መሬት ላይ ይበተናል፤ አፈሩም በስሱ ይለብሳል። ዋልካ መሬት ከሆነ መደቡን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ፍግ ማብዛት ቅጠሉን እንጂ አበባውን አያበዛም። ችግሩ የሚመጣው በሐምሌ ነው፦ ቡቃያው አረም ስለሚመስል አራሚው ሳያውቅ ይነቅለዋል። ቦታውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ለዘመን መለወጫ ተክሉ ከነሥሩ ከተነቀለ ዘር አያፈራም። አበባውን ከግንዱ ላይ ብቻ ቆርጦ የተወሰነውን መተው በቀጣዩ ዓመት ራሱን እንዲዘራ ያስችለዋል። አረም ማጥፊያ በሚረጭበትና ድንበሩ ሳይቀር በሚታረስበት ማሳ ግን ዘር የሚጥልበት ቦታ እያጣ ይሄዳል።

ጥቅም

በመስከረም 1 ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ አበባውን ይይዛሉ። በጎጃም በዘመን መለወጫ ሰሞን እንግጫ የመንቀል ልማድም አለ። ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው የቤተ ክርስቲያን ወርኃ ጽጌም ከአበባው ወቅት ጋር ይገጥማል።

አደይ ከመጭ ጋር ለንብ ዋና ቀሰም ነው። በደጋው ከክረምት በኋላ የሚቆረጠው ማር፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ባብዛኛው የእነዚህ አበቦች ውጤት ነው።