ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለችው የመጀመሪያ ሳምንት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1886 እንግሊዛዊው ሐኪም ቪክቶር ሆርስሊ በለንደን፣ በጭንቅላት ጉዳት ሳቢያ በሚጥል በሽታ ይሠቃይ የነበረ ወጣትን የራስ ቅል ከፍቶ የአንጎሉን ጠባሳ አስወገደ። ሕመምተኛውም እፎይታ አገኘ። ይሁን እንጂ የሚያድነው ቢላዋ ራሱ ደም መፍሰስና እብጠት አስከትሎ መንቀጥቀጥን ሊቀሰቅስ እንደሚችል ከጊዜ በኋላ ታወቀ።

ፌኖባርቢታል በ1912፣ ፌኒቶይን በ1938 ለሚጥል በሽታ መዋል ሲጀምሩ፣ አንጎሉ ለተቀደደ ሁሉ መድኃኒቱን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት መስጠት ልማድ ሆነ። በ1962 ብራያን ጄኔት የጭንቅላት ጉዳትን አጥንቶ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚከሠተውን መንቀጥቀጥ ዘግይቶ ከሚመጣው ለየ። በ1990 የታተመው የናንሲ ቴምኪንና የባልደረቦቿ ጥናትም ከባድ የጭንቅላት ጉዳት በደረሰባቸው 404 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ፣ ፌኒቶይን የመጀመሪያውን ሳምንት መንቀጥቀጥ ከ14.2 ወደ 3.6 በመቶ ሲቀንስ ዘግይቶ የሚመጣውን ግን እንደማይከላከል አሳየ። በ2000 የወጣ የአሜሪካ መመሪያም፣ የአንጎል ዕጢ ኖሮባቸው ነገር ግን አንቀጥቅጧቸው ለማያውቁ ሕሙማን መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት በኋላ ቀስ በቀስ እንዲቋረጥ መከረ።

በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው በ2006 ነው። በወለጋ ዘመናዊ ሕክምና ግን ቀደም ብሎ፣ በ1919 ዶክተር ቶማስ ላምቢ ደምቢ ዶሎ ሲደርሱ ሥር መስደድ ጀምሮ ነበር። ያም ሆኖ የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ሕመምተኛ ጭንቅላቱን ለማስከፈት ለረጅም ዘመን አዲስ አበባን መመልከት ግድ ሆኖበት ኖሯል፤ ከነቀምቴ እንኳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ሕመምተኛው ወደ ቀዬው ሲመለስ የሚጠብቀው የጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት መንቀጥቀጥ ቢነሣ፣ ባለሙያው አየር መተላለፊያውን ጠብቆ፣ የደም ስኳርን መርምሮ፣ የደም መፍሰስን፣ የሶዲየም መቀነስንና ኢንፌክሽንን ጠርጥሮ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባዋል። ያ አንድ መንቀጥቀጥ ብቻውን ግን ሕመምተኛውን «የሚጥል በሽተኛ» አያሰኘውም። ስያሜው በገጠር ከትዳር፣ ከትምህርትና ከሥራ ሊያርቅ ይችላልና። በሌላ በኩል ቀድሞውኑ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መድኃኒቱ ለምን እንደታዘዘና መቼ እንደሚቋረጥ በመመለሻ ወረቀቱ ላይ መጻፍ፣ የቀዶ ሐኪሙ ሥራ የመጨረሻ ክፍል ነው።