ከንፈርና አንጎል፤ የትንባሆ እገዳ ታሪክ

የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ቢነግሡም፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ድል ሆኑ። ድል አድራጊው ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ሲነግሡ፣ ሰቆጣና መላው ዋግ ከግዛታቸው ሥር ገቡ።

እኒህ ንጉሠ ነገሥት ትንባሆን አጥብቀው ከለከሉ። ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ እንደ ነበር የዘመኑ የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል። ሆኖም ቅጣቱ ከዘመናቸው አላለፈም፤ እንዲያውም በ1930ዎቹ መንግሥት ራሱ የትንባሆ ሞኖፖል አቋቋመ።

በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ ከአዋጁ ይልቅ የጸናው የካህናት ውግዘትና የጎረቤት ትዝብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የትንባሆ ተጠቃሚው ከአዋቂ ወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ ነበር።

ነውር ብዙዎችን ከመጀመር ያግዳል፤ የጀመረውን ግን አያላቅቅም። ኒኮቲን ጢሱ በተሳበ በሴኮንዶች ውስጥ ከአንጎል ይደርሳልና፣ ሱሱ የሚያድረው በዚያ እንጂ በከንፈር አይደለም።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዝግ የሥራ ቦታ ማጨስን፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ይህ ወጣቱን ይጠብቃል፤ በሱስ ለተያዘው ባልደረባ ግን ከእገዳው ጎን ሕክምናና ምክር ሊታከልለት ይገባል።