የደምቢ ዶሎው ተወካይ
ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ 1ኛ ዓመት ቁጥር 1፣ ነሐሴ 1987 ዓ.ም.፤ ወረቀት

በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ የታተመበት ይህ ጋዜጣ ሕገ መንግሥቱ በሥራ ላይ መዋሉን ያወጀው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው። ከግርጌ የሰፈረው የፕሬዚዳንቱ ስም «ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ» ይላል።

ነጋሶ በ1935 ዓ.ም. ደምቢ ዶሎ፣ ወለጋ ተወለዱ። አባታቸው ዓይነ ስውሩ ወንጌላዊ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው። ጀርመን ፍራንክፈርት ለዶክትሬት የጻፉት ጥናትም ከአገር ቤት አልራቀም፤ የሰዮ ኦሮሞን ታሪክ የሚመረምር ነው።

የፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ከኢሕአዴግ ጋር ተለያዩ። ሥልጣን በለቀቁበት ሰሞን የወጣው አዋጅ ጡረታ የወጣ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ፣ ካልራቀ ጥቅማ ጥቅሙን እንዲያጣ ደነገገ። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን የእሳቸው ጠባይ አልነበረም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በትውልድ ቀያቸው በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ያለ ፓርቲ የገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያለ ፓርቲ መዋቅር ወለጋ ላይ ማሸነፍ ቀላል አልነበረም።

ዋጋ ከፍለውበታል፤ በአዋጁ የተፈቀደላቸው ጥቅማ ጥቅም ተቋረጠ።

ኋላ የአንድነት ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆኑ። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጀርመን ውስጥ አረፉ።