ወተትና የውኃ ፈለጉ

«የውኃ አሻራ» የሚለው አጠራር ከሥልጠና ሰነድና ከፕሮጀክት ሪፖርት ወጥቶ ወደ ዜና እየተሻገረ ነው። «የአንድ ሊትር ወተት የውኃ አሻራ አንድ ሺህ ሊትር ነው» ይላል ተናጋሪው። አድማጩ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ ምን እንደተባለ የገባው አይመስለኝም። አሻራ ለአማርኛ ተናጋሪ የጣት ነው። መታወቂያ ሲያወጣ፣ ውል ሲዋዋል፣ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ የሚያትመው ነው። ከዚያ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ምስጋና ነው፤ «አሻራውን አሳርፎ አለፈ» የሚባለው ለተተኪው የሚጠቅም ሥራ ለሠራ ሰው ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ «አረንጓዴ አሻራ» እየተባለ ችግኝ ሲተከል ቃሉ ይህን በጎ ትርጉሙን ይበልጥ አጠንክሮ ይዟል። እንግዲህ በአንድ ጆሯችን «አረንጓዴ አሻራችሁን አሳርፉ» እየሰማን በሌላው «የውኃ አሻራችሁን ቀንሱ» እንባላለን። ይህ ግራ ማጋባት ነው፤ መታረም ያለበትም ሳይለመድ በፊት ነው።

እንግሊዝኛው የእግር ምልክት ነው የሚለው። ተርጓሚው ለእግር የሚሆን ቃል ሳይፈልግ በቅርብ ያገኘውን የጣት ምልክት አንሥቶ ሰጠን።

አሳቡ ራሱ ግን ብዙ አያስቸግርም። የእንግሊዙ ምሁር ቶኒ አለን ደረቆቹ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች በምን እንደሚኖሩ ሲያጠና፣ እህል ከውጭ የሚያስገባ አገር እህሉን ያበቀለውን ውኃም አብሮ እንደሚያስገባ አሳየ። ኔዘርላንዳዊው አርየን ሁክስትራ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ዕቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፈጀውን ውኃ ሁሉ ደምሮ የሚለካበትን ስሌት አቀረበ። ከእርሱ ጋር ሆኖ የከብቱን ስሌት የሠራው መስፍን መኮንን ነው። በእነርሱ ስሌት ለአንድ ሊትር ወተት የዓለም አማካይ አንድ ሺህ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ከአሥራ አምስት ሺህ ይበልጣል። ከብቱ ከሚፈጀው ውኃ ከመቶ 98 እጅ ያህሉ መኖውን ያበቀለው ነው።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው ቃሉን የሚወስነው። አዲስ አበባ ላፍቶ ውስጥ የወተት ላም ያለችበት ግቢ ብትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው በውኃው ላይ ነው። ሮቶው በቆርቆሮው ጥግ ቆሟል፤ ከሥሩ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የመጣ ቀን ሁሉም ይሞላል። የፈረንጅ ላሟ ገንዳው ላይ አፏን ስትጥል ቶሎ ቀና አትልም። ግቷ በሞቀ ውኃ ታጥቦ በጨርቅ ይጠረጋል፤ የወተቱ ዕቃ ይታጠባል፤ በረቱ ይጠረጋል። ጥሩ የምትታለብ ላም በቀን ሦስት ጀሪካን፣ ማለትም ስድሳ ሊትር ብትጠጣና አሥር ሊትር ብትሰጥ፣ ለአንዱ ሊትር ወተት የጠጣችው ስድስት ሊትር ነው። ከስድስት እስከ አንድ ሺህ ያለው ውኃ የት አለ? ጥግ ላይ በተከመረው ድርቆሽ ውስጥ ነው። ድርቆሹ በሱሉልታ ወይም በሰላሌ የክረምት ዝናብ የበቀለ ሣር ነው። ፋጉሎው ኑግ ነበር፤ ኑጉም ዝናብ ጠጥቷል። ፉርሽካው ስንዴ ነበር፤ ስንዴው ከጥቁር ባሕር ዳርቻ በመርከብ የመጣ ከሆነ የላፍቶዋ ላም የዩክሬንን ዝናብ በላች ማለት ነው። አተላው ሳይቀር የገብስና የጌሾ ውኃ ነው። የጾም ወራት ገብቶ ፈላጊ ጠፍቶ ወተቱ ሲደፋ፣ አብሮ የሚደፋው ይህ ሁሉ ነው።

እንግዲህ የምንፈልገው ቃል ወደ ኋላ የሚያስኬድ ቃል ነው። ከብርጭቆው ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ድርቆሹ፣ ከድርቆሹ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ ዝናቡ የሚመራን። አሻራ ይህን አይችልም፤ አንድ ቦታ የታተመ ነው፣ የትም አይወስድም።

ሌሎች ዕጩዎችም አሉ። «ዱካ» ከአሻራ እጅግ ይሻላል፤ የእግር ነው፣ አዳኝ ይከተለዋል። ሆኖም «ዱካው ጠፋ» እንደምንለው የሚሸሽ ነገር ጠረን አለበት፤ በብዙ ቤት ደግሞ ዱካ የሚቀመጡበት በርጩማ ነው። «ኮቴ» ለላም የተፈጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮቴ ከብት ነጋዴውና ሹፌሩ የሚከፍሉት ቀረጥ ሆኗልና «የውኃ ኮቴ» ቢባል ሰው አዲስ ክፍያ መጣብን ብሎ ይደነግጣል። ለአለን አሳብ የተሰጠው «ምናባዊ ውኃ» ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ምናባዊ ማለት በሐሳብ እንጂ በእውን የሌለ ነው፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ነው የሚያስታውሰኝ። ይህ ውኃ ግን ዘንቧል፣ ሣር አብቅሏል፣ ተበልቷል። ዓይን አላየውም እንጂ አለ፤ ስለዚህ «ስውር ውኃ» ልንለው እንችላለን።

ለሁክስትራው ስሌት የእኔ ምርጫ «የውኃ ፈለግ» ነው።

ላሙ የጠፋችበት ገበሬ ፈለጓን ተከትሎ ይሄዳል። ፈለግ፣ ፍለጋና ፈለገ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ምልክቱም ምልክቱን የሚከተለው ሥራም በአንድ ሥር ተቀምጠዋል። ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ግእዙ ሌላ ስጦታ ይጨምርልናል። በግእዝ ፈለግ ወንዝ ነው፤ ሲበዛ አፍላግ ይሆናል። ከገነት የወጡት አራቱ ወንዞች አፍላግ ናቸው። የባሕር ዳሩ ሆስፒታል ፈለገ ሕይወት ሲባል የሕይወት ወንዝ ማለት ነው፤ ፈለገ ዮርዳኖስ ብለን ትምህርት ቤት ስንሰይምም የዮርዳኖስን ወንዝ እየጠራን ነው። የእግር መንገድንና ውኃን በአንድ ቃል የያዘ ቋንቋ እያለን ለውኃው መለኪያ የጣት ምልክት መዋስ ምን ይባላል?

አማርኛ ወተትንና ውኃን አስቀድሞም በአንድ ቃል ሲያስር ኖሯል። ምንጭ ይነጥፋል፤ ላምም ትነጥፋለች። ይህን ምሁራን ተሰብስበው አልወሰኑትም፤ ሁለቱ አብረው ሲደርቁ ያየ ሰው ያወጣው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረና ላይ አምስት ዝናብ ተከታትሎ ሲቀር የሆነውም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ሣሩ ጠፋ፣ ላሞቹ ነጠፉ፣ ከዚያ ከብቱ አለቀ። በዚያን ጊዜ ከየአካባቢው ለቦረና መኖ ሲሰበሰብ «ውኃ ይቅደም ወይስ ሣር?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። የውኃ ፈለግን የተረዳ ሰው የድርቆሽ መኪናው ሌላ ቦታ የዘነበ ዝናብ ጭኖ እንደሚሄድ ያያል፤ ጭነቱን ያበቀለው ውኃ በቦቴ ይጫን ቢባል ስንት ቦቴ እንደሚፈጅ ማሰብ ነው።

ቦቴ ስል ሰምታችሁኛል፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ በርሜል ማለት ነው፤ ተመችቶናልና ይኑር። የውጭ ቃል ሁሉ ይባረር የሚል ክርክር የለኝም። የማልቀበለው አማርኛ ለአዲስ ነገር አይበቃም የሚለውን ነው። ንፋስ ስልክ የሚለውን የሰፈር ስም አስቡት። መልእክት ያለ ሽቦ በአየር የሚያስተላልፈው መሣሪያ ወደዚያ ሲመጣ ሰው ሁለት የሚያውቃቸውን ቃላት ገጥሞ የንፋስ ስልክ አለው፤ ማሽኑን ያላየ ሁሉ ምን እንደሚሠራ ገባው። ያ ሰው መዝገበ ቃላት አላገላበጠም፤ ነገሩ ምን እንደሚሠራ ጠየቀ እንጂ።

በፈለግ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። የውኃ መሐንዲስ «የውኃ ፈለግ» ሲባል ወንዝ የሚወርድበትን መስመር ሊያስብ ይችላል። እውነት ነው። ለዚያ ግን መውረጃ፣ ቦይ፣ መፋሰሻ አሉት። ደግሞም የእኛው ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ባለቤት አለው። «የአንድ ሊትር ወተት የውኃ ፈለግ»፣ «የጤፍ የውኃ ፈለግ»፣ «የአንድ ከተማ የውኃ ፈለግ» ሲባል ማንም ስለ ወንዝ አፋፍ አያስብም። «ፈለገ ውኃ» ብሎ በግእዝ አገባብ መጻፍ ግን አይገባም፤ ያኔ በእርግጥም ወንዝ ይሆናል።

አሁንም ያልተፈታ አንድ ቃል ይቀራል። የሁክስትራ ስሌት ውኃውን በሦስት ቀለም ይከፍለዋል። አረንጓዴው አፈር የጠጣው ዝናብ ነው፤ ጥቁር አፈር የሚያርስ ገበሬ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበትን «እርጥበት» ይለዋል፣ ይበቃዋልም። ሰማያዊው የወንዝና የጉድጓድ ውኃ ነው። ግራጫው ነው የሚያስቸግረው። «ግራጫ ውኃ» ለቧንቧ ሠራተኛው ከመታጠቢያና ከልብስ እጥበት የሚወጣው ነው፤ በዚህ ስሌት ግን የውኃውን ብክለት ወደሚፈቀደው መጠን ለማሳነስ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ ነው። ስለዚህ «ማርከሻ ውኃ» ብንለው ሥራውን በቀጥታ ይናገራል። የበረት እጣቢ በቦይ ወርዶ በላፍቶና በመካኒሳ በኩል የምታልፈው ትንሿ አቃቂ ውስጥ ሲገባ፣ ለአንድ ጀሪካን እጣቢ ስንት ጀሪካን ማርከሻ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያችው ወንዝ ውኃ እየጠለፉ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ሰዎች ስላሉ ጥያቄው የወረቀት ላይ ጥያቄ አይደለም።